ዝም ያለ ሥዕል ይሻላል

እኛ ማንጋ የተባለውን የጃፓን ሥዕላዊ ልብ ወለድ እናነባለን፤ አናፍርበትምም። የሚያሳፍረውስ በአስማትና በዘንዶ ታሪክ ውስጥ ጀግናው ሰይፉን ሲመዝ ተሥሎ እያየነው፥ ከጎኑ «ሰይፉን መዘዘ» ተብሎ ሲጻፍልን ነው። ዐይን የለንምን?

«የአስማቱ ሕግ ካልተብራራ ማን ይገባዋል?» የሚሉ ጓደኞች የቶጋሺን «ሀንተር ኤክስ ሀንተር» ይጠቅሱልናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ይህ ሥራ ታላቅ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በመርከቡ ላይ ወደሚደረገው የዙፋን ሽኩቻ ሲደርስ ገጹ በጽሑፍ ተጣቦ፥ የሰዎቹን ፊት ከፊደል መካከል ፈልጎ ማግኘት ግድ ሆነብን።

እ.ኤ.አ. በ1989 «በርሰርክ»ን የጀመረውን ሚዩራን ተመልከቱ። ጉትስ የግሪፊትን ሰይፍ ሰብሮ ትቶት ሲሄድ፥ ያ ኩሩ አለቃ በበረዶው ላይ ተንበርክኮ ይቀራል። ያንን ጉልበት ያየ ምን ማብራሪያ ይሻል?

መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና፥ ቀን በክፍል በቃል ሲያስጽፉን ውለን ማታ ማንጋው ደግሞ ሲያስጽፈን፥ ዐይናችን ራሱ አይቶ መፍረድን የሚማረው መቼ ነው? በግቢያችን መሣል የጀመራችሁ ሆይ፥ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ገጹን ለጓደኛችሁ አሳዩት፤ ካልገባው እንደገና ሣሉት።