ጢስና አቧራ ከሰማይ ሲታዩ

ነፋስ የጠረፍ ጠባቂ የማያስቆመው መንገደኛ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በጁን ወር መጀመሪያ፥ በካናዳ አገር በኩቤክ ክፍለ ሀገር ደኑን ይበላ የነበረው እሳት ጢሱን ወደ ደቡብ ልኮ፥ በ7ኛው ቀን የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካን አስመስሎት ዋለ። የአውሮፕላን ጉዞ ተስተጓጎለ፤ ሕዝቡም በቤቱ እንዲቆይ ተመከረ። እሳቱን በዓይኑ ያላየ ሕዝብ የእሳቱን ጢስ ተነፈሰ።

ይህ ጢስ ግን ሳይታይ የመጣ አልነበረም። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር በአንድ ስፍራ የቆመ የሚመስለው ጎስ 16 የተባለው ሳተላይት የአሜሪካን ምድር በየ5 ደቂቃው ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ለአፍሪካና ለአውሮፓ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ሜቴዎሳት የተባሉት ናቸው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በታች ዝቅ ብለው የሚዞሩ ሌሎች ሳተላይቶችም አሉ፤ እነዚህ አጥርተው ያያሉ፥ ነገር ግን አንዱ ሳተላይት በአንድ አገር ላይ የሚያልፈው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ አንደኛው ወገን ቶሎ ቶሎ ሲያይ፥ ሁለተኛው አጥርቶ ያያል ማለት ነው።

የሳተላይት ዓይን ከሰው ዓይን የሚበልጠው የሙቀትን ጨረር ስለሚለይ ነው። በቻድ አገር ቦደሌ በሚባለው ቆላ፥ በቲቤስቲና በኤነዲ ተራራዎች መካከል ተጨምቆ የሚወጣው ነፋስ ከደረቀው የጥንት ሐይቅ ወለል ዱቄት የመሰለ አፈር ያነሣል። ይህ አቧራ በአሸዋው ላይ ሲያልፍ መልኩ ከአሸዋው ጋር ስለሚመሳሰል በተራ ፎቶግራፍ አይለይም፤ በሙቀት ጨረር ግን ሌሊት እንኳ ሳይቀር ይታያል። አቧራ ሁሉ ጥፋት ነው ማለትም አይደለም። ሊቃውንት በ2015 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከሰሐራ ተነሥቶ አትላንቲክን የሚሻገረው አቧራ ለአማዞን ደን በየዓመቱ 22,000 ቶን ያህል ፎስፈረስ ያደርስለታል።

ይሁን እንጂ ማየት ብቻውን ማወቅ አይደለም። ከላይ የተነሣው ምስል ጢሱ በሰው አፍንጫ አጠገብ ይሁን ወይም 5 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይለፍ በግልጥ አይናገርም፤ ደመና ሲጋርደውም የታችኛው ሁሉ ይሰወራል። ከፍታውን በሌዘር ብርሃን እንዲለካ በ2006 ዓ.ም. የተላከው ካሊፕሶ እስከ 2023 ዓ.ም. ቢሠራም፥ የሚለካው በሚያልፍበት በቀጭኑ መሥመር ላይ ብቻ ነበር። ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር 400ኛ እጅ የማይበልጠው ብናኝ ነውና፥ ይህን በሚገባ የሚለካው በምድር ላይ የተተከለ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የላዩ ዓይንና የታቹ ሚዛን ካልተባበሩ ፍርዱ ሙሉ አይሆንም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2019 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእሳት በተያዘ ጊዜ፥ ሕዝቡ በገደሉ ላይ ከነበልባል ጋር ሲታገል፥ ከእስራኤል አገር የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ረድተውታል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተተኮሰች። ዛሬም በዓለም ላይ እሳት የተነሣበትን ስፍራ የሚያመለክተውን የናሳ ካርታ፥ ሳተላይቱ ባለፈ በ3 ሰዓት ያህል ውስጥ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ የሚጎድለው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ምስሉን የሚያነብ ተማሪ፥ ያነበበውንም ሳያሳድር ለወረዳው፥ ለሐኪም ቤቱና ለትምህርት ቤቱ የሚያደርስ ሹም ያስፈልጋል። በመዝገብ ቤት ያደረ ማስጠንቀቂያ ካልተጻፈ አይሻልም። ወጣቶቻችን ጂኦግራፊና ፊዚክስ ሲማሩ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጭምር እንዲሆን፥ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉትም ወጣት ሹማምንት ማስጠንቀቂያው በማን እጅ አልፎ ለማን እንደሚደርስ እሳቱ ሳይነሣ አስቀድመው እንዲወስኑ እናሳስባለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ሰማይን ሳያዩ ነው፤ ሰማዩ እያየልን የምንዘገይ ከሆነ ግን ምክንያት የለንም።