ለጆሮ የሚለሰልስ ድምፅ በልከኛ ዋጋ

በሥራ ምክንያት በጁባ ከተማ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም፦ «የጥንቶቹን የሸክላ ዘፈኖች በቫልቭ የሚሠራ ማጉያ በሚያወጣው ለስላሳ ድምፅ ለመስማት፥ የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳንነካ ምን ብናደርግ ይሻላል?» የሚል ነው። ነገሩ ለጊዜው የጨዋታ ጕዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ቤተ ሰብ ዜማ ልጆቹ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ከሚለምዱባቸው መንገዶች አንዱ ነው፤ ለዕቃው የሚወጣውም ገንዘብ በብዙ ድካም የተገኘ ስለ ሆነ፥ ጥያቄው በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል።

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባብያን አስቀድመን ሁለት ቃላትን እናስረዳለን። «ማጉያ» የሚለው ስም «አጎላ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ከፈለ» ከሚለው «መክፈያ» እንደሚወጣ ሁሉ፥ የመጨረሻው «ለ» ወደ «የ» ተለውጧል። ትርጓሜውም ደካማውን ድምፅ አጉልቶ የሚያሰማ መሣሪያ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሞቅ ያለ» የሚለው ነው። የውጭ አገር ሰዎች የቫልቭን ድምፅ በሙቀት ይመስሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ሞቅ ያለ» የሚባለው ጨዋታው፥ ጭብጨባው፥ ገበያው ነው። ስለዚህ አንድን ኢትዮጵያዊ ነጋዴ «ሞቅ ያለ ድምፅ ያለው ማጉያ አምጣልኝ» ያሉት እንደ ሆነ፥ ጎረቤት የሚቀሰቅሰውን ያመጣልዎታል። «ለስላሳ፥ ጆሮ የማይወጋ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቫልቭ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብርጭቆ አምፖል ነው። በውስጡ ያለው ክፍል በኤሌክትሪክ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን ቫልቭ በ1904 ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ደግሞ በ1906 ሦስተኛ ክፍል ጨመረበት፤ በዚህም ድምፅን ለማጉላት የሚቻልበት በር ተከፈተ። በ1947 በቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። እርሱም ትንሽ፥ ቀዝቃዛና ርካሽ በመሆኑ ቫልቭን ከብዙው ቤት አስወጣው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የቫልቭ ድምፅ የሚለሰልስበት ምክንያት በተለይ ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ብዙው የቫልቭ ማጉያ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ እጥፍ ፈጥኖ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ቀጭን ድምፅ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ይህም ከዋናው ጋር የሚስማማ ስለ ሆነ ጆሮ አይቀየመውም። ሁለተኛ፥ ከዐቅሙ በላይ ሲጮኽ ድምፁን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል እንጂ፥ ትራንዚስተር እንደሚያደርገው በድንገት አይቈርጠውም። እንግዲህ የሚወደደው ልስላሴ መሣሪያው ከራሱ የሚጨምረው ነገር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ደግሞም ልስላሴው ሁሉ ከማጉያው አይመጣም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የአዲስ አበባን ዘፋኞች በሸክላ ሲያሳትም፥ የዚያ ዘመን ድምፅ በማግኔት ቴፕ የሚቀዳ ነበር። የቴፑና የሸክላው ጠባይ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ታትሟል። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ የወጡት ሲዲዎች በዓለም የተወደዱት፥ አብዛኛው ሰው በተራ የትራንዚስተር ማጉያ እየሰማቸው ነው። ስለዚህ ማጉያው የተጣለበት ሥራ የነበረውን ሳያበላሽ ማሰማት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጁባ ኑሮ እንመለስ። ከተማይቱ በ2019 አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ብታገኝም፥ ብዙ ቤት አሁንም በጄነሬተር ወይም በፀሐይ ኀይልና በባትሪ ይረዳል። የጄነሬተር ቮልት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቮልቱ አለልክ ሲወጣም የቫልቭ ዕድሜ ያጥራል። አዲስ ቫልቭ በብዛት የሚሠራው እንደ ሩስያ፥ ስሎቫክያና ቻይና ባሉ ጥቂት አገሮች ነው፤ መለወጫው እስኪመጣ ድረስ መሣሪያው ያለ ሥራ ሊቀመጥ ይችላል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ላይ የጋለ ምድጃ የሚመስል ዕቃ በሳሎን ማስቀመጥም ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ልከኛ የቫልቭ ማጉያ 80 ዋት ይበላል ብንል፥ በአራት ሰዓት 320 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግን ከግማሹ ይልቅ ማውጣት አይገባም። እንግዲህ ሙዚቃው ብቻውን ከምሽቱ ኀይል እኩሌታውን ይወስዳል፤ ለመብራትና ለልጆች ጥናት የሚቀረው ጥቂት ነው። 10 ዋት የሚበላ ትንሽ የዘመኑ ማጉያ ግን በዚያው ሰዓት 40 ዋት ሰዓት ብቻ ይበቃዋል።

በገበያም መጠንቀቅ ይገባል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። በርካሽ ከሚሸጡት «ባለ ቫልቭ» ዕቃዎች አንዳንዶቹ ቫልቩን ለጌጥ ያህል አቁመው፥ ከሥሩ በተቀመጠች ትንሽ ቀይ መብራት ያስመስሉታል፤ የሚያጎላው ግን ትራንዚስተሩ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ሙሉ የቫልቭ ማጉያ ባለ ትራንስፎርመር ስለ ሆነ ይከብዳል፤ ሲከፈትም ግሎ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ጥቂት ያስጠብቃል። ወዲያው ከበራና ወዲያው ከጮኸ ይጠርጠሩት።

እንግዲህ ምን እንግዛ? የመስመር ኤሌክትሪክ ያለው ሰው ያገለገለ የጃፓን ትራንዚስተር ማጉያ፥ ከባድ ትራንስፎርመርና የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ ያለውን፥ ሞክሮ ቢገዛ አይጸጸትም። በባትሪ የሚኖር ሰው ትንሹን የዘመኑን ማጉያ ይምረጥ። የቀረውን ገንዘብ ለድምፅ ማውጫው ለስፒከሩ ማዋል ይሻላል። በአንድ ዋት 93 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፥ 87 ዴሲቤል ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመሰማት የኀይሉ ሩብ ብቻ ይበቃዋል። በቆርቆሮ ጣራና በሲሚንቶ ወለል መካከል የሚጮኽ ድምፅ ይሻክራልና፥ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፤ ስፒከሩን ከግድግዳው ጥቂት አርቁ፤ የቀጭኑን ድምፅ ማስተካከያም በትንሹ ዝቅ አድርጉ። የተፈለገው ልስላሴ አብዛኛው በዚህ ይገኛል።

የሆነ ሆኖ እውነተኛ ቫልቭ ካልሆነ አይሆንም የሚል ሰው፥ የቮልት ማረጋጊያ አስቀድሞ ይግዛ። ደግሞም ይህን አይርሳ፦ በቫልቭ ማጉያ ውስጥ ከ250 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኀይል አለ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን በካፓሲተሩ ውስጥ ተከማችቶ ሊቈይ ይችላል። ሰውን የሚገድል ነው። ክዳኑን ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው፤ ሕፃናትም ሊደርሱበት ከማይችሉበት ስፍራ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ለቤቱ ኀላፊ የምንመክረው ይህ ነው። የዕቃው ዋጋ የሚመዘነው ቤተ ሰቡ አብሮ በሚሰማበት ሰዓት ነው። አባት ግጥሙን ለልጁ የሚያስረዳበት፥ እናትም የዘፈኑን አገር የምታወራበት ትንሽ ማጉያ፥ ማንም በማይነካው ጥግ ከሚያበራው ውድ ዕቃ ይበልጣል። ለትምህርት ቤቱ ክፍያ የተቀመጠው ገንዘብም በስፍራው ይቈይ።