ዕዳ ሰብሳቢና የንግድ ፈቃድ

ገንዘብ ያበደረ ወይም ዕቃ በዱቤ የሸጠ ሰው ገንዘቡን መጠየቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ባለገንዘቡ ከሚሰበሰበው ላይ ድርሻ እየከፈለ ሌላ ሰው ሲያሰማራ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የተላከው ሰው ከባለዕዳው ጋር ጉርብትናም ደንበኝነትም የለውም፤ ነገ በገበያ ከፊቱ አይቆምምና የሚያሳፍረው ነገር አይኖርም።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ባለገንዘብና ባለዕዳ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው ይሄዱ ነበር። ልማዱ የሚያዋርድ ነበር፤ ሆኖም ጠያቂውም አብሮ የታሰረ ስለ ሆነ ማን ማንን እንደ ያዘ አገሩ ሁሉ ያየው ነበር። የዛሬው ዕዳ ሰብሳቢ ግን ብዙ ጊዜ በስልክ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ነው።

በኬንያ የደረሰው ይህን ያስረዳል። በዚያ አገር በስልክ የሚያበድሩ አንዳንድ ድርጅቶች ከተበዳሪው ስልክ የዘመዱንና የአሠሪውን ቁጥር እየለቀሙ፣ ዕዳውን ለእነዚህ ሰዎች እየነገሩ፣ ማሳፈርን የመሰብሰቢያ ዘዴ አድርገውት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ሕጉ ተሻሻለ፤ በ2022 የወጣው ደንብ ደግሞ ማስፈራራትን፣ ስድብንና ለተበዳሪው ወዳጆች መደወልን ከለከለ። ፈቃድ ጠያቂውም የገንዘቡን ምንጭ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። በ2022 በመስከረም ወር የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ከ288 አመልካቾች ፈቃድ የሰጠው ለ10 ብቻ መሆኑን አስታወቀ። ፈቃድ ማለት ማኅተምና የቴምብር ዋጋ ብቻ ለሚመስለው ሹም ይህ ቍጥር ሊያሳስበው የሚገባ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ የሚይዘው አበዳሪውንና ወኪሉን ነው፤ ዕቃ በዱቤ የሚሸጠውን ባለሱቅ አይመለከትም። አሜሪካ በ1977 ያወጣችው ሕግ ግን በተለይ ለሌላ ሰው ዕዳ የሚሰበስበውን የሚመለከት ሲሆን፣ ከጧቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለባለዕዳ መደወልን ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጡት ክፍላተ ግዛቱ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሰብሳቢው የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ ያስገድዳሉ።

ዋስትናው ለባለዕዳው ብቻ የታሰበ የሚመስለው ነጋዴ ይሳሳታል። ሰብሳቢው የተቀበለውን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ ቢከስር ወይም ቢጠፋ፣ የሚጎዳው ነጋዴው ነው። በባለዕዳውም በኩል አደጋ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ክፍያ ለባለገንዘቡ ወይም ሥልጣን ላለው ሰው እንዲሆን ያዛል፤ ሥልጣን ለሌለው የከፈለ ሰው ባለገንዘቡ ካላጸደቀለት ወይም ካልተጠቀመበት በቀር ዳግመኛ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሰብሳቢው የንግድ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ከባለገንዘቡ የተሰጠውን የጽሑፍ ውክልና ማሳየት፣ ደረሰኙንም በባለገንዘቡ ስም መቍረጥ ይገባዋል። የሰበሰበውንም በተለየ ሒሳብ ያኑር፤ ይህን ያልፈጸመ ፈቃዱ እንዳይታደስለት የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ከወዲሁ በደንባቸው ያስገቡት።