የአላስካው «ላም አለኝ በሰማይ»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል የአገራችን ሰው። ዋሽንግተን በአርክቲክ ነዳጅ ላይ ለምትከተለው ፖሊሲ ከዚህ የተሻለ ተረት አይገኝለትም። ላሟ ያለችው በሰሜን ምሥራቅ አላስካ፣ በአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ፣ ከ600 ሺህ ሔክታር በላይ በሚሰፋው የባሕር ጠረፍ ሜዳ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስፍራው የተከለለው በ1960 ነው። በ1980 ኮንግረስ ክልሉን ሲያሰፋ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ በጠረፉ ሜዳ ነዳጅ እንዳይወጣ ደነገገ። በ2017 የግብር ቅነሳው ሕግ ሲጸድቅ ግን በሩ ተከፈተ። ምክንያቱስ? በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ለፌዴራሉ ግምጃ ቤት ይገባል ተባለ።

በጥር 2021 የመጀመሪያው ጨረታ ወጣ። ከታላላቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች አንዱም ዝር አላለም። የተገኘው ገንዘብ 15 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም፤ አብዛኛውን ሊዝ የወሰደውም የአላስካ ክፍለ ግዛት የራሱ የልማት ድርጅት ነበር። በጥር 2025 በወጣው ሁለተኛ ጨረታ ደግሞ አንድም ተጫራች አልቀረበም። ደጋፊዎቹ «ሁለተኛው ሆን ተብሎ የጠበበ ጨረታ ነው» ይላሉ። ይሁን እንበል፤ የመጀመሪያውስ? እርሱን ያወጣው የቁፋሮው ዋነኛ አቀንቃኝ የሆነው አስተዳደር አልነበረምን?

ከዚህ ትምህርት የተወሰደ መስሎአችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ተጨማሪ ጨረታዎች እንዲወጡ ያዝዛል። ነጋ ጠባ ስለ ነጻ ገበያ የሚሰብኩን ሰዎች፣ ገበያው አልፈልግም ያለውን በአዋጅ ለመሸጥ ተነሡ!

ለዚህ ሰማያዊ ወተት መያዣ የሚሆነው ምንድን ነው? ፖርኩፓይን የተባለው የካሪቡ መንጋ የሚወልድበት ሜዳ ነው። ከዚህ አጋዘን ሥጋ የሚኖሩት የግዊቺን ሕዝቦች ስፍራውን «ሕይወት የሚጀመርበት ቅዱስ ቦታ» ይሉታል።

እውነት ነው፣ በሜዳው ጠረፍ ላይ ከሚኖሩት የካክቶቪክ ኢኑፒያቶች ብዙዎቹ ቁፋሮውን ይደግፋሉ። የአካባቢው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የቆመው በነዳጅ ግብር ነውና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን የሕፃናትን ትምህርትና የሕሙማንን መድኃኒት ተጫራች ባጣ መሬት ላይ ማንጠልጠል ልማት ሳይሆን ማታለል ነው።

አላስካን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጠው የ1,300 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ርዝመቱ በምሰሶ ላይ የተዘረጋው፣ ትኩሱ ነዳጅ ዘመናት የቆየውን የበረዶ አፈር እንዳያቀልጥ ነው። መሐንዲሶች ይህን የተረዱት በ1970ዎቹ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ1979 ወዲህ አርክቲክ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። መሠረቱ እየቀለጠ ያለውን ምድር፣ ለማቅለጫው ነዳጅ ፍለጋ መቆፈር ምን ይባላል?

ይህ የፌዴራል መሬት የሕዝብ ሀብት ነው። የአሜሪካን ዜግነት የያዝን ኢትዮጵያውያንም በሀብቱ ድርሻ፣ በጉዳዩም ድምፅ አለን። ስለዚህ እንደራሴዎቻችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ያ 1 ቢሊዮን ዶላር የት ደረሰ? መልስ ከሌላቸው የጨረታው ትእዛዝ ይሻር፤ ሜዳውም በ1980 ወደነበረበት ጥበቃ ይመለስ።

ቸር ይግጠመን!