የብረቱ ድልድይ ይፍረስ፤ ግን ተለክቶ ይፍረስ

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ ሰው ያሻግራል (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ለኖራው የሚሆነው ድንጋይ አላታ ከሚባለው ገባር ወንዝ አጠገብ እንደ ተገኘ፣ ሥራውንም የመራው ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለ እጅ እንደ ነበረ እናውቃለን። ይህን ያወቅነው በዘመኑ የነበረው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ስለ ጻፈው ነው።

አሁን ደግሞ በገጠሩ መንገድ፣ ቀለሙ ለቆ የቆመውን የብረት ድልድይ እንመልከት። ማን ተከለው? መቼ? ብረቱስ ከየት መጣ? ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «የጣልያን ነው» የሚል ብቻ ነው። ጣልያን ያልሠራውም የጣልያን ይባላል። በ1941 ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች ማፍረሱን እንኳ ረስተንለታል! አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ድልድይ ኖራ እያወቅን፣ አያቶቻችን ሲተከል ቆመው ያዩትን አለማወቃችን አያሳፍርምን?

«ገበሬው የሚፈልገው የሚሻገርበትን እንጂ የሚጻፍለትን አይደለም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነት አላቸው። እኔም አሮጌው ብረት ይቀመጥልኝ አላልሁም። ያረጀ ድልድይ ሰው ይገድላል፤ በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ በ1967 ከተሸከሙት የሰንሰለት ብረቶች አንዱ ተሰንጥቆ ሲወድቅ 46 ሰዎች ሞተዋል። እንግዲህ ይፍረስ። ነገር ግን ብረቱ ለቁርጥራጭ ከመሸጡ በፊት ይለካ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ይጠየቁ።

አሜሪካኖች ከ1969 ጀምሮ የምሕንድስና ቅርሶችን የሚመዘግብ የመንግሥት ክፍል አቋቁመው፣ ከሌሎቹ ቅርሶች ጋር በየገጠሩ የቀሩትን የትረስ ድልድዮች በልኬት ሥዕል፣ በፎቶግራፍና በጽሑፍ እየመዘገቡ በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት አኑረዋል። ሥዕሉን ከሠሩት መካከል ብዙዎቹ በዕረፍት ወራት የተቀጠሩ ተማሪዎች ናቸው።

ዐይነቱን መለየት የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። በድልድዩ ጎን ቋሚ ብረቶች ኖረው ሰያፎቹ ከላይ ወደ መካከሉ ግርጌ የሚወርዱ ከሆነ ፕራት ይባላል፤ ሰያፎቹ ወጣ ወረድ እያሉ ሦስት ማዕዘን ብቻ ከሠሩ ዋረን ነው። ሦስት ሜትር ያህል ከሚረዝሙ እኩል ክፍሎች የተገጣጠመ ከሆነ ደግሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ ያወጣው ዐይነት መሆኑ ነው፤ አንዱን ክፍል ስድስት ሰው ተሸክሞ ያለ ክሬን ይገጥመዋል። በሪቬት ነው ወይስ በብሎን የተያያዘው? በብረቱ ላይ የፋብሪካ ስም አለን? የቀረው የእኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ድርሻ ነው፤ ድልድዩ ሳይኖር በየት ይሻገሩ ነበር? በክረምት ስንት ሰው ተወሰደ? ገበያው ወደ የት ዞረ? ከማዶ መጋባትስ መቼ ተጀመረ?

ሥራው በክረምቱ ዕረፍት አይሆንም፤ ወንዙ ሞልቶ ከሥሩ መግባት አይቻልምና። በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ያለው ዕረፍት ይሻላል። በድልድይ አጠገብ ካሜራ ያወጣ ሰው ከዘበኛ ጋር መጣላቱ ስለማይቀር፣ ማኅበራችን ለየወረዳው የትብብር ደብዳቤ ይጻፍልን፤ የሚጠቀለል ረጅም ሜትርም ይግዛልን። ከተሞላው ቅጽ አንዱ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን፣ አንዱም ለወረዳው ይሰጥ።