ፈረስ አንገዛም፣ መጀመሪያ ሮቶውን ከፍ አድርጉት

ስለ ፓምፕ እንጨቃጨቅ። አዎ፣ ስለ ውሃ ፓምፕ። ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ሳሙና ተቀብቶ ሻወር ቤት ውስጥ ውሃ የከዳው ሰው ግን ጠበቃ የለውም።

ውጫሌም ሆነ ደሴ፣ አዲስ አበባም ቢሆን፣ "ሻወሬ ይንጠባጠባል" ያለ ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ "ትልቅ ፓምፕ ግዛ።" ባለሱቁ "አንድ ፈረስ" ይላል፤ ቧንቧ ሠራተኛው "አንድ ተኩል ይሁንልህ" ብሎ ይጨምራል። ጋሪ ልንጎትት ነው እንዴ?

ዋናው ጸባችን ግን ፓምፑን በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ ከሚገጥሙት ጋር ነው። እናንተዬ፣ ፓምፕ ውሃ አይፈጥርም! ቧንቧው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ውሃ ከጎረቤት አፍ ነጥቆ ወደ ራሱ ይስባል። ጎረቤትም ተናዶ ይገዛል፣ ያኛው ደግሞ የሚበልጥ ይገዛል፤ ውሃው ግን ያው ነው። የባሰም አለ። የመስመሩ ግፊት ከውጭው ሲያንስ፣ በተሰነጠቀው ቧንቧ በኩል ጭቃውና ፍሳሹ ወደ ውስጥ ይሳባል። ለአንድ ሰው ሻወር ሲባል የሰፈሩ ሕፃን ያንን ይጠጣል ማለት ነው። ውሃው በራሱ ጊዜ ሮቶ ይግባ፤ ፓምፕ ካስፈለገ ከሮቶው በኋላ ይገጠም።

ካስፈለገ ያልነው በምክንያት ነው። 10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያላችሁ 0.2 ባር ነው። ማማውን 2 ሜትር ብታስረዝሙት ግፊቱ እጥፍ ሆነ፤ ያለ መብራት፣ ያለ ጩኸት። (ማማው ጠንካራ ይሁን፤ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል።) ወፍራም ቧንቧና የጸዳ የሻወር ራስ ሲጨመርበት ለብዙ ቤት ይበቃል። ግፊት ካላገኘ የማይበራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ግን ፓምፕ ይግዛ፣ አንከለክልም።

ሲገዛ ታዲያ ጽሑፉን ያንብብ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው "ይቻላቸዋል" ሲል በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ መጨረሻው አድዋ ነው። ይህንን የምታውቅ አገር የፓምፕ ሰሌዳ ሳታነብ ትከፍላለች! ባለ ግማሽ ፈረስ (370 ዋት) ትንሽ ፓምፕ ላይ "በደቂቃ 40 ሊትር፣ 40 ሜትር" ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይሰጣል ማለት አይደለም። ውሃው ሲበዛ ግፊቱ ይወድቃል። አንድ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ቢበቃው ነው፤ ለአንድ ቤት ግማሽ ፈረስ መች አነሰ?

ለፈረስ የምትከፍሉትን ትርፍ ገንዘብ ሌላ ቦታ አውሉት። ቧንቧ ሲከፈት የሚያስነሳ፣ ሮቶው ሲደርቅ ደግሞ ፓምፑ ሳይቃጠል የሚያጠፋ አውቶማቲክ ግዙ። አሸዋ ትንሽ ፓምፕን ቶሎ ስለሚበላ ማጣሪያ ከፊቱ ይግባ። የምድር ሽቦውን "በኋላ" አትበሉ፤ ውሃና መብራት አይቀለድባቸውም። ከፓምፑ ጎን ደግሞ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ያለው ሌላ መስመር አስዘርጉ። መብራት የጠፋ ለታ ከማማው በራሱ ይወርድላችኋል፤ ቀጠን ብሎም ቢሆን ሳሙናውን ያስለቅቃል።