የአስታማሚው ጭንቀትና የሰነዱ ሳጥን፦ ምላሽ

ስለ ቤተሰብ አስታማሚዎች ጭንቀት በየመድረኩና በየጽሑፉ የሚሰማው ሐሳብ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ጭንቀቱ የልብ ጉዳይ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱም ትዕግሥት፣ ጸሎት፣ እንቅልፍና አይዞህ ባይ ዘመድ ነው። የመታወቂያው፣ የቤት ካርታው፣ የውክልናውና የሕክምና ወረቀቱ ነገር ግን ከዚህ ተነጥሎ ለጠበቃና ለጉዳይ አስፈጻሚ ይተዋል። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላም እምነት አለ። ታመው የተኙ እናትን ወይም አባትን «ካርታው የት ነው? ውክልና ይስጡኝ» ማለት ሟርት ነው፣ ነውርም ነው የሚል። ሁለቱም ከመልካም ልብ የመጡ አስተሳሰቦች ናቸው፤ ሆኖም አስታማሚውን ይጎዱታል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ። (ከዚህ በታች የጥናቶቹ ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው፣ የሕጎቹ ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

አስታማሚነት ጤናን እንደሚጎዳ ለማሳየት ዘወትር የሚጠቀሰው ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች በ1999 በአሜሪካ ያወጡት ጥናት ነው። የትዳር ጓደኛቸውን ከሚያስታምሙ አረጋውያን መካከል ጫና ውስጥ የነበሩት፣ ከማያስታምሙት ጋር ሲነጻጸሩ በአራት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በዚሁ ጥናት ውስጥ ያለውን ሌላውን ግኝት ግን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እያስታመሙ ጫና ያልተሰማቸው ሰዎች ላይ ይህን የመሰለ ጭማሪ አልታየም። በ2013 ደግሞ ዴቪድ ሮዝና ባልደረቦቹ በሰፊ የአሜሪካ ናሙና ላይ ባደረጉት ጥናት፣ አስታማሚዎች ከሚመሳሰሏቸው ሌሎች ሰዎች በ18 በመቶ ያነሰ የሞት መጠን አሳይተዋል። ስለዚህ ሰውን የሚጎዳው ማስታመሙ ብቻ አይደለም፤ የሚያስታምምበት ሁኔታ ነው። ጥያቄያችንም ወደዚያ ሁኔታ መዞር አለበት።

ሌናርድ ፐርሊንና ባልደረቦቹ በ1990 የአስታማሚን ጭንቀት ሲተነትኑ ከሕመሙ በቀጥታ የሚመጣውን ከዚያ ተከትሎ ከሚወለደው ለይተውታል። የቤተሰብ ጠብ፣ የሥራ መስተጓጎል፣ የገንዘብ ችግር በሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማንም በ1984 ጭንቀትን የመቋቋሚያ ሁለት መንገዶችን አመልክተዋል፤ አንዱ ችግሩን መፍታት ነው፣ ሌላው ችግሩ የሚፈጥረውን ስሜት ማርገብ። የእኛ ምክር ከሞላ ጎደል ሁለተኛው ላይ ብቻ ቆሟል። ሊለወጥ ለማይችል ነገር ትዕግሥት ትልቅ ኃይል ነው፤ የጠፋ የሪፈር ወረቀት ግን በትዕግሥት አይገኝም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ዛሬ የሚጦሩት እናቶችና አባቶች አብዛኞቹ የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ያረጁ ናቸው። በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ አንድ ስም፣ በቤት ካርታቸው ላይ የክርስትና ስማቸው፣ በጡረታ ደብተራቸው ላይ ደግሞ በምሕጻር የተጻፈ የአባት ስም ይገኛል። ዕድሜያቸው በግምት ተሞልቷል፤ በአንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተጽፎ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያሳያል። ወላጅ ጤነኛ ሳሉ ይህ ማንንም አያስጨንቅም፤ ራሳቸው ቀርበው «እኔ ነኝ» ይላሉ። ከታመሙ በኋላ ግን እኚያ ሰው እኚህ መሆናቸውን የማስረዳቱ ሸክም በምታስታምማቸው ልጅ ላይ ይወድቃል። ጠዋት ካርድ ክፍል፣ ከሰዓት ወረዳ፣ በማግሥቱ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፤ በየመስኮቱም ስለ ገዛ እናቷ እንደ ተጠርጣሪ ትጠየቃለች። ፓሜላ ኸርድና ዶናልድ ሞይኒሃን በ2018 መጽሐፋቸው የመንግሥት አሠራር በዜጋ ላይ የሚጥለውን ሸክም ሲዘረዝሩ፣ አሠራሩን ለማወቅና መስፈርቱን ለማሟላት ከሚወጣው ድካም ጎን ሥነ ልቡናዊውን ዋጋ ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ሴት ማታ እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ «የልብ ጭንቀት ነው፣ ጸልዪ» ብንላት ግማሹን እውነት ብቻ ነግረናታል።

ከሁሉ የሚከፋው ሕጉ የሚሰጠንን ጊዜ አለማወቃችን ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2232 እንደሚለው፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ውክልና ወካዩ ሲሞት ብቻ ሳይሆን ችሎታ ሲያጣም ይቀራል። ስለዚህ አባት አእምሯቸው ሲደክም ልጅ በእጁ ያለው ተራ ውክልና፣ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት መሠረቱን ያጣል። አዲስ ውክልናም መስጠት አይችሉም፤ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሰነዱን የሚያረጋግጠው ሠራተኛ የሰጪውን ችሎታ ማረጋገጥ አለበትና። የሚቀረው መንገድ በፍርድ እንዲከለከሉና አሳዳሪ እንዲሾምላቸው ማመልከት ነው፤ ይህም በልጅና በአባት መካከል፣ በአደባባይ፣ በሐኪም ማስረጃ የሚካሄድ ነው። ነውርን የምንፈራ ከሆነ ከዚህ የሚብስ ነውር የት ይገኛል? «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ብሎ የሚተማመነውም ቢሆን አንቀጽ 2203ን እና ተከታዮቹን ሊያነብ ይገባዋል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስችላል፤ ኪራይ መሰብሰብ ይቻላል፣ ቤት ሸጦ ለማሳከም ግን ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት።

«እንዲህ ያለው ዝግጅት ከባህላችን አይገጥምም» የሚለው መከራከሪያ ለእኔ አይዋጥልኝም። ዕድር ምንድን ነው? ሰው በሕይወት ሳለ ለሞቱ የሚዘጋጅበት፣ በየወሩ መዋጮ የሚከፈልበት፣ የቤተሰብ አባላት በስም የሚመዘገቡበት፣ መተዳደሪያ ደንብና ጸሐፊ ያለው ማኅበር ነው። እናት የዕድር ደብተራቸውን ሲያሳዩ ማንም አሟረቱ አይልም። በንስሐ አባትና በሽማግሌዎች ፊት መናዘዝም የቆየ ሥርዓት ነው። ለቀብሩ ወረቀት አዘጋጅተናል፤ ከቀብሩ በፊት ላሉት ረጅም የሕመም ዓመታት ግን ምንም አላዘጋጀንም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። የሚጎድለውም ዕድሩ ለአንዱ ቀን የሚያደርገውን ጥንቃቄ ወደ ኋላ ስቦ ለሕመሙ ማዋል ነው እንጂ ባዕድ ልማድ ማምጣት አይደለም።

ውክልና የሚጠይቅን ልጅ «ንብረት ፈላጊ» የሚለው ጥርጣሬ ግን መሠረት የለውም አልልም። በውክልና ስም ወላጅን ያራቆቱ አሉ። መልሱ ወረቀቱን መሸሽ ሳይሆን በብርሃን ማድረግ ነው፤ ወንድምና እኅት ሁሉ ባሉበት፣ ወላጅ ራሳቸው እየተናገሩ፣ ሥልጣኑ እስከ ምን እንደሆነ ተለይቶ እየተጻፈ። ወኪል ሒሳብ የማሳየት ግዴታ በሕጉ አለበት፤ የመድኃኒት ደረሰኝ በወር በወር መያዝም አስታማሚዋን ራሷን ከሐሜት ይጠብቃታል። ይህ በተለይ ልጆች በተበተኑበት ቤት ይሠራል። አንዱ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ገንዘብ ይልካል፣ አንዷ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሆና ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ሌሊት ትነሣለች። የሚልከው «ገንዘቡ የት ገባ?» ይላል፤ የምታስታምመው ደግሞ ድካሟን የሚያይላት የለም። ፐርሊን ሁለተኛ ብሎ የለየው ጭንቀት ይህ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ለሁሉም የሚታይ ደብተር ከብዙ ማጽናኛ ይሻላል።

ሥራው ራሱ ትልቅ አይደለም። ስሞቹን አመሳስሎ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባን ወላጅ በእግራቸው መሄድ በሚችሉበት ጊዜ መጨረስ፤ ውክልናውን ችሎታ ከመታጣቱ በፊት፣ ችሎታ ቢታጣም እንዲቀጥል የሚል ቃል አስገብቶ መፈራረም፤ ኑዛዜ ካለም አራት ምስክሮቹን አሟልቶ በጽሑፍ ማድረግ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የማይስማማቸውንም ጭምር በአንድ ገጽ መጻፍ። ሕመምተኛው መውጣት ካልቻሉ የማረጋገጫው ሠራተኛ ያሉበት ድረስ የሚሄድበት አሠራር እንዳለ ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። ዋናዎቹን ሰነዶች በአንድ ቦታ አስቀምጦ ቅጂያቸውን ሌላ ዘመድ ዘንድ ማኖር፣ አስታማሚዋ ራሷ የታመመች ቀን ሌላ ሰው እንዲተካት ያስችላል። እረፍት ውሰጂ የሚለው ምክር የሚሠራው ያኔ ነው፤ ሁሉን ነገር በጭንቅላቷ የያዘች ሴት ማን ተክቷት ታርፋለች?

ወረቀት የማያቀልለው ጭንቀት መኖሩን አልክድም። እናት ልጃቸውን ማወቅ ሲያቆሙ የሚመጣውን ኀዘን ምንም ዶሴ አይነካውም፤ እዚያ ላይ የማጽናናትና የጸሎት ወገኖች ትክክል ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ሸክሙንም ሁሉ በአስታማሚዋ ሥርዓት ማጣት ላይ መጫን ሌላ ግፍ ይሆናል። ሆስፒታሎቻችን በሽተኛን ሲያሰናብቱ ምርመራውን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ቀጣዩን ቀጠሮ በሚነበብ ጽሑፍ፣ አስታማሚው በሚገባው ቋንቋ ጽፈው መስጠት ይገባቸዋል። ወረዳዎችም የአረጋውያንን የስም ልዩነት በየመሥሪያ ቤቱ በየተራ ከማስረዳት በአንድ ማስረጃ መዝጋት የሚቻልበትን መንገድ ሊያበጁ ይገባል። ስለ አስታማሚዎች ጭንቀት የምንጽፍ ሰዎችም ለአስታማሚዋ ስለ ትዕግሥት ከምንጽፈው ጎን ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች የምንጽፈው ሊኖረን ይገባል።